የክርስትና ስሙን ያዋሰው የጨው ነጋዴ

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር። ይፍሩ ይባላል። በቅሎዎች ያሉት፣ ግቢው ሰፊ፣ ሰርግም ሆነ ለቅሶ ቤት ሲገባ ሰው ከመቀመጫው ተነስቶ ቦታ የሚለቅለት ሰው ነበር። የክርስትና ስሙ ወልደ ሰንበት ነው። ይህን ስም የሚያውቁት እሱና የነፍስ አባቱ መምሬ ቢያድግልኝ ናቸው። ያወጣችለት እናቱ ሞታለች። ሚስቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ደግሞ በሙሽርነቷ ጊዜ ነግሯት ረስታዋለች። ለምን ትያዘው? ወጥ አይሠራ፣ ልብስ አያጥብ።

ይፍሩ አንድ ነውር ነበረበት። ትምባሆ ያጨሳል። መንደሩ ትምባሆ የሚያጨስ ሰው ካየ መንገድ የሚቀይር መንደር ስለነበር የሚያጨሰው ተሸሽጎ ነው። በጥር ወር አንድ ማለዳ ጭነቱን ከማስነሳቱ በፊት ከወይዘሮ አስረበብ የጤፍ ክምር ጀርባ ተጠግቶ አጨሰ። ቁራጩን ወርውሮ ሄደ። አስረበብ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን በዚያች ጤፍ የምታሳድግ ሴት ናት። ጤዛው ገና ሳይረግፍ ክምሩ ነደደ። ሰው ውኃ ይዞ ሲደርስ የተረፈው ሙቀቱ ብቻ ነበር።

ውበቱ የሚባል፣ የይፍሩን በቅሎዎች የሚነዳ ሰው እዚያው አካባቢ ለቁርሱ ቂጣ የሚጋግርበት እሳት አንድዶ ነበርና እሱ ተያዘ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ይፍሩን ጠየቁት።

«ሚካኤል ምስክሬ ነው» አለ ይፍሩ፤ «የውበቱን እሳት በዓይኔ አይቻለሁ።»

ልብ በሉ፣ አልዋሸም። የውበቱን እሳት አይቷል። ሰው ሰይጣንን ያስቀናው እንዲህ ባለ እውነት ነው።

ውበቱ አልጮኸም፤ አልማለም። ወደ ጌታው ዞሮ «ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ» አለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱን አስከትሎ፣ ልጅ አዋቂው ከኋላው ጓል እየወረወረበት ወደ ቆላ ወረደ።

ዐቢይ ጾም ገባ። ይፍሩ እንደ ልማዱ ከነፍስ አባቱ ዘንድ ሄደ። መቼም ሰው ነው፣ ክምሩ ደረቱ ውስጥ ሲነድ ከርሟልና የሆነውን ሁሉ ተናገረ። መምሬ ቢያድግልኝ አዳምጠው ሲጨርሱ እንዲህ አሉት።

«ልጄ፣ ቀኖናህ ይህ ነው። ከአስረበብ ቤት ሄደህ ‹እኔ ነኝ› ትላታለህ። ውበቱን ፈልገህ ትመልሰዋለህ። ጾሙ እስኪፈታ ደግሞ እየሰገድህ ትቆያለህ።»

«አባቴ፣ ከስግደቱ ብጀምርስ?»

«ምነው?»

«ጉልበቴ ይልመድ ብዬ ነው።»

«ያልለመደውስ ጉልበትህ አይደለም፣ አፍህ ነው» አሉት መምሬ። «ይሁን፣ ከወደድህበት ጀምር። ብቻ ራስህ ጀምር።»

በማግስቱ ይፍሩ ከጓዳው ገብቶ ሰገደ። ግንባሩ መሬት ሲነካ የተቃጠለ ጭድ ሸተተው። ቀና አለ፤ ሽታው ጠፋ። ደግሞ ሰገደ፤ ደግሞ ሸተተው። ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና ወጣ። ከዚያ በኋላ ወደዚያች ጓዳ አልተመለሰም።

ነጋዴ ነውና ዘዴ አላጣም። በሚካኤል ደብር ግቢ፣ ከመቃብሮቹ መካከል ባለች አሮጌ መቃብር ቤት ውስጥ፣ ከየት እንደመጡ የማይታወቅ አንድ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ቀን ግቢ ይጠርጋሉ፤ የተሰጣቸውን ይበላሉ፤ ካልተሰጣቸው ዝም ይላሉ። ይፍሩ ሽምብራና ደህና ጋቢ ይዞ ሄደ።

«አባባ፣ ሥራ አመጣሁልዎ» አለ።

«ሥራማ ሞልቶኛል። ቅጠሉ መቼ መርገፍ ያቆማል።»

«ይኸኛው ስግደት ነው። የክርስትና ስሜን እየጠሩ እስከ ፋሲካ ይሰግዱልኛል። እኔ ደግሞ ስንቅዎን አላጓድልም።»

ሽማግሌው ጋቢውን በጣቶቻቸው ዳሰሱት። ብርድ ላይ ለሚያድር ሰው ጋቢ ቀላል ነገር አይደለም።

«ኃጢአቱስ ምንድን ነው?» አሉ።

«እሱን ምን ያደርግልዎታል?»

«የማላውቀውን ልሸከም ነዋ።»

«የኔ በቅሎዎች የተጫኑትን መቼ ጠይቀው ያውቃሉ።»

«አልነገሩዎትም እንጂ ይጠይቁ ይሆናል» አሉ ሽማግሌው። ጥቂት አሰቡና ጨመሩበት። «እሺ፣ እኔስ ልስገድ። ስምዎ እኔን ቢለምድስ?»

ይፍሩ ከልቡ ሳቀ። ስሙን ነገራቸው፤ ጋቢውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎላቸው ሄደ። የሳቸውን ስም አልጠየቀም። ሸክም የሚያሸክም ሰው የተሸካሚውን ስም መቼ ይጠይቃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ፀሐይ በሚከርበት ቦታ፣ ይሰግዱ ጀመር። «ኃጥእ ባሪያህን ወልደ ሰንበትን ማረው» ይላሉ፤ ይወድቃሉ፤ ይነሳሉ። ለቅዳሴ የሚመጣው ሰው ሁሉ ይሰማቸዋል። ይፍሩ በበኩሉ ቀለል አለው። ጭዱም አይሸተውም። እንቅልፉ ተመለሰ።

በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴ አበቃና ቄሱ በሕዝቡ ላይ ጸበል ረጩ። ሴቶቹ ፊታቸውን አሻሹ፤ ሕፃናት ተቁነጠነጡ። ይፍሩ ፊቱን ዳበሰ፤ ደረቅ ነው። በቀኙ የቆመው ሰው ጢም ይንጠባጠባል፤ በግራው የቆመው ነጠላውን ይጨምቃል። «ሳቱኝ» አለ በልቡ። በሚቀጥለው እሑድ ከፊት ሄዶ ቆመ። ውኃው ከቄሱ እጅ ሲወጣ አየው። ወደ ፊቱ ሲመጣም አየው። ከኋላው ያለች አሮጊት «ተመስገን» ስትል ሰማ። የሱ ፊት እንደ ደረቀ ቀረ።

ገበያ ላይም እንዲሁ ሆነ። ጨው ሊገዙ የመጡ ሴቶች ከጠረጴዛው ፊት ቆመው «ባለቤቱ የት ሄዶ ነው?» ይባባላሉ። «አለሁ» ሲላቸው ድንግጥ ብለው ያዩታል። ጨዋቸውን ይዘው ከመሄዳቸው በፊት ዓይናቸው ደግሞ ከሱ ላይ ይንሸራተታል። የገዛ ውሻው ሲገባ አይጮህበትም፤ ሲወጣም አይከተለውም። ውሻ የማያውቀውን ሰው እንኳ ይነክሳል። ይህ ግን በር በነፋስ ሲከፈት የሚያይ ይመስል አንገቱን ቀና አድርጎ ተመልሶ ይተኛል።

አንድ ቀን ደብሪቱ ምሳ አቀረበች። ሽሮውን በአንዲት ትንሽ ሳህን አውጥታ፣ ተቀምጣ፣ አማትባ መብላት ጀመረች።

«የኔስ?» አለ ይፍሩ።

ጉርሻው ከእጇ ወደቀ። «ውይ፣ አለህ እንዴ? ቤቱ ባዶ መስሎኝ።»

«ከፊትሽ ነው እኮ የተቀመጥኩት።»

«እንግዲህ ጾሙ አክስቶህ ይሆናል» አለችና ሳቀች። እሱም አብሯት ሳቀ። ግን መክሳት የት አለና። ቀበቶው እንኳ ጠብቦት ነበር።

ሌላ ቀን ደግሞ ከገበያ ሲመለስ ደብሪቱ ግቢው ውስጥ ቆማ እህል ስታበጥር አገኛት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ወደ ላይ ሆኗል። በሀገሩ ሴት እንዲያ የምትለብሰው ሰው ሲሞትባት ነው።

«ማን ሞተ?» አላት።

«ኧረ ማንም አልሞተ።»

«ነጠላሽስ?»

ደብሪቱ ወደ ጥለቱ ተመለከተች። ፊቷ ተለወጠ። «እንጃ» አለች። «ጠዋት ስለብስ እጄ ራሱ እንዲህ አደረገው። ሦስት ቀን ሆኖታል መሰለኝ። ማታ ማታ ደግሞ ዕንባዬ ይመጣል፤ ለማን እንደማለቅስ አላውቅም።» ነጠላዋን ገልብጣ ለበሰችው። ዞር ብሎ ሲያያት ግን እጇ እንደገና እያዘቀዘቀው ነበር፤ እሷም አላስተዋለችውም።

በማግስቱ ጠዋት ይፍሩ ፊቱን ታጠበና ለጸሎት ቆመ። «እኔ ኃጥኡ ባሪያህ» አለ። ስሙን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ የሚጠራው ነገር አልነበረም። የረሳውን ነገር የሚፈልግ ሰው ቢያንስ የሚፈልገው ነገር እንዳለ ያውቃል። እሱ ግን ምላሱ ላይ ቀዳዳ ብቻ አገኘ። ሚስቱን ጠራት።

«የክርስትና ስሜ ማን ነው?»

«የማን?» አለች ደብሪቱ፤ ድምፁ የመጣበትን እየፈለገች።

ይፍሩ ጋቢውን እንኳ ሳይደርብ ወደ ደብሩ ሮጠ።

እኩለ ቀን ነበር። ፀሐይዋ በአናት ላይ ነበረች፤ ከመቃብሮቹ አንዱም ጥላ አልነበረውም። ሽማግሌው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ይሰግዳሉ። ግንባራቸው ላይ የአፈር ክብ ተለጥፏል። ጉልበታቸው ሱሪውን ቀድዶ ወጥቷል። «ወልደ ሰንበትን ማረው» ሲሉ ይፍሩ ሰማ። የስሙ ድምፅ እንደ ሌላ ሰው ስም ጆሮው ላይ ደረሰ። ሽማግሌው ቆመው ሲስሉ ደግሞ ሳላቸው የይፍሩ ሳል ነበር፤ ጠዋት ጠዋት የሚስለው፣ የትምባሆ ሳል።

«መጡ?» አሉ ሽማግሌው ሳይዞሩ። እሳቸው ብቻ ነበሩ ሳይጠራቸው ያወቁት። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እኔ ዕድሜ ልኬን ትምባሆ አፌ ገብቶ አያውቅም። ግንባሬ መሬት ሲነካ ግን ጭስ አፌን ይሞላዋል። ከፊቴ ደግሞ አንድ ጎልማሳ ይቆማል። ልብሱ ላይ ጓል አለበት። ‹ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ› ይለኛል። እኔ ምንም የማውቀው የለኝም። ማን ነው ሰውየው?»

ይፍሩ ጥያቄውን ዘለለው። «ስሜን ይመልሱልኝ» አለ።

«ይውሰዱት፣ የርስዎ ነው። ብቻ ለብቻው አይወሰድም። ሰውየውም አብሮት አለ፤ ጭሱም አብሮት አለ።»

እዚህ ላይ ይፍሩ ቢንበረከክ ታሪኩ ባለቀ። ተንበርካኪ ሆኖ አልተገኘም። የጨው ጭነት በመንገድ ላይ ነው፤ የሆሳዕና ገበያ ደርሷል፤ አስረበብ ደግሞ አፏ ምላጭ ነው፤ ሰው በተሰበሰበበት ታዋርደዋለች። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበ።

«ከፋሲካ በኋላ እወስደዋለሁ» አለ።

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ዞረው አዩት። ምሕረት ያለበት አስተያየት ነበር፤ ይፍሩን ያስፈራውም ይኸው ነው።

«እኔ እዚያ መድረሴን እንጃ» አሉና ተመልሰው ወደቁ።

አልደረሱም። የሆሳዕና ሳምንት ሊገባ ሲል የሚካኤል ደወል የሞት ደወል ደወለ። ይፍሩ ከሱቁ ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ደብሩ ይሄዳል። ደብሪቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በአጠገቡ አለፈች፤ ትከሻዋ ትከሻውን ሊነካ ምንም አልቀረው፤ አላየችውም።

«የማን ቀብር ነው?» አለ ይፍሩ። ማንም አልመለሰለትም።

በግቢው ውስጥ አስከሬኑ በሰሌን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የነጋዴው ጋቢ ከላይ ተደርቧል። ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ምስኪን፣ ምን ሠርቶ ይሆን እንዲህ ራሱን የገደለ?»

«ማን ያውቃል። በጎልማሳነቱ ነፍስ አጥፍቶ ይሆናል እንጂ በጤናው እንዲያ የሚሰግድ የለም።»

«እኔም ዓይኑን አይቼ ጠርጥሬው ነበር።»

በሕይወት ሳሉ ውኃ ያላቀበሏቸው ሁሉ ሲሞቱ ኃጢአት አሸከሟቸው።

የቀብሩን ጸሎት የሚመሩት ቄስ የሟቹን የክርስትና ስም ጠየቁ። ፍትሐት ያለ ስም አይደርስማ። ከደጁ ለማኞች አንዱ «ወልደ ሰንበት ነው አባቴ፤ ጾሙን ሙሉ ሲጠራው ሰምተናል» አለ። መምሬ ቢያድግልኝ በዚያው ቆመው ነበር። ስሙን ሲሰሙ ራሳቸውን ቀና አደረጉ፤ ሕዝቡንም በዓይናቸው ፈለጉ። ግን በሀገሩ ወልደ ሰንበት አንድ ብቻ አይደለም፤ የተነገራቸው ምስጢር ደግሞ አፋቸውን ዘግቶታል።

ካህናቱ ጀመሩ። «የባሪያህን የወልደ ሰንበትን ነፍስ አሳርፍ» አሉ። የይፍሩ እግሮች ቀዘቀዙ። ደገሙት፤ ቅዝቃዜው ጉልበቱ ላይ ደረሰ። ወደ ታች ተመለከተ። በዚያች ፀሐይ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው እግር ሥር ትንሽ ጥላ አለ። ከሱ እግር ሥር ያለው አፈር ብሩህ ነበር።

ስሙ ከዚያ ሰሌን ጋር ጉድጓድ ሊገባ ነው። ከገባ በኋላ ማን ይጠራዋል? እግዚአብሔርስ በምን ይጠራዋል?

«ወልደ ሰንበት እኔ ነኝ» አለ። ማንም አልዞረም። ድምፁን ከፍ አደረገ። «ስሜን አውሼው ነው፤ እኔ በሕይወት አለሁ።» አንዲት ሴት ነፋስ የመታት ይመስል ነጠላዋን ሳብ አደረገች። «ለዚህ ደብር ስንት ነገር ያደረግኩ ሰው ነኝ። ጃንጥላውን የገዛሁት እኔ ነኝ። ጠይቁ።» ከካህናቱ አንዱ ማዕጠንቱን አወዛወዘ፤ ጭሱ በይፍሩ ደረት ውስጥ ገብቶ በጀርባው ወጣ። የጎረቤቱን ክንድ ያዘ፤ ጎረቤቱ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን አራገፈ።

ቅዝቃዜው ወገቡን አልፎ ነበር። ሰሌኑን አነሱት።

ያን ጊዜ አስረበብን አያት። ከሴቶቹ ጥግ ቆማለች። የከሳች፣ ቀሚሷ ላይ እራፊ ያበዛች፣ ትንሿን ልጇን በጀርባዋ ያዘለች። ክምሩ ከነደደ ወዲህ ፊቷን በቀጥታ አይቶት አያውቅም ነበር። ከሰው መሀል እየተገፋ ሳይሆን በሰው መሀል እያለፈ ሄደ፤ የሚገፋው ስላልነበረ። ከፊቷ ደረሰ። መጮህ አልቻለም፤ ደረቱ ውስጥ የቀረው ትንፋሽ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ነበር። ተንበረከከ።

«ክምርሽን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ትምባሆ ሳጨስ ነው። ውበቱ አይደለም።»

አስረበብ ቁልቁል አየችው።

አየችው። ዓይኗ አልተንሸራተተም።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።»

«ድገመው» አለች። «ከኋላ ያሉት አልሰሙህም።»

ደገመው። ካህናቱ ዝም አሉ፤ ሰሌኑን የተሸከሙት ቆሙ። የመንደሩ ዓይን ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደቀበት፤ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ እንደ ድንጋይ ከበደው። ደብሪቱ ከሕዝቡ ውስጥ «ይፍሩ?» አለች፤ ከሩቅ አገር የመጣ ሰው እንደምትጠራ።

«ለትምባሆ» አለች አስረበብ፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «ልጆቼ ክረምቱን ምን በልተው ሊከርሙ እንደሆነ ስቆጥር ስንት ሌሊት አደርኩ። ለትምባሆ ነው? ውበቱን ደግሞ በጓል አስደብድበህ አባረርከው። እኔም ከወርዋሪዎቹ አንዷ ነበርኩ። እኔንም አብረህ ኃጢአተኛ አድርገኸኛል፣ ታውቃለህ?»

«አሁን አወቅኩ» አለ ይፍሩ።

በጥፊ መታችው። ጉንጩ ነደደ። ከዚያ በፊት ማንም ሰው ጥፊ ተቀብሎ እንደዚያ ያለቀሰ የለም፤ ከሕመሙ አልነበረም።

መምሬ ቢያድግልኝ ወደ ፊት መጡ። «ልጄ፣ ስሙ ያንተ ከሆነ፣ የዚህ ሟች ስም ማን ነው?» አሉት።

ይፍሩ ወደ ሰሌኑ ተመለከተ። አፉን ከፈተ።

«አላውቅም» አለ። «አልጠየቅኳቸውም።»

ክምሩን ማቃጠሉን ሲናገር ሕዝቡ አጉረምርሞ ነበር። ይህን ሲናገር ግን ዝም አለ። ዝምታው የሱ ብቻ አልነበረም። ከቆመው ሰው ማን ጠይቋቸው ያውቃል?

«እግዚአብሔር ያውቃቸዋል» አሉ መምሬ ቢያድግልኝ፤ ጸሎቱም ከመጀመሪያው ያለ ስም ተደገመ። ይፍሩ ከተሸካሚዎቹ አንዱን ቦታ ለምኖ ከሰሌኑ ሥር ገባ። ሽማግሌው የከሱ ሰው ነበሩ። ሰሌኑ ግን እጅግ ከባድ ነበር። አብረው የተሸከሙት ሰዎች በኋላ ሲናገሩ ከሱ በስተቀር ለማናቸውም እንዳልከበዳቸው ይናገራሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባሳምረው ደስ ባለኝ። አስረበብ ይቅር ያለችው በዚያ ቀን አይደለም፤ በዚያ ወርም አይደለም። ከጎተራው ጤፍ አምጥቶ ሲያራግፍላት ቆማ አየችው፤ ቡና ጠጣ አላለችውም። ውበቱን ፍለጋ ራሱ በእግሩ ወደ ቆላ ወረደ፤ ሰው አልላከም። ሲያገኘው ውበቱ የተወለደችለትን ሴት ልጅ አቅፎ ከደጁ ተቀምጦ ነበር።

«ጌታዬ፣ ምን ጠፍቶብዎ ነው?»

«ጌታዬ አትበለኝ። ያኔ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። አሁን ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ።»

ውበቱ ሕፃኗን ወደ ደረቱ አስጠጋ። «አሁን ይህን ሰምቼ መሳቅ አለብኝ ወይስ ማልቀስ?»

«እንደወደድህ።»

«እንግዲያው ሕፃኗን ያዝልኝ፣ ውኃ ላምጣልህ» አለ ውበቱ። አንቱታውን ተወው። እርቁ ከዚያ ጀመረ፤ አዝጋሚ እርቅ ነበር። ውበቱ ወደ መንደሩ ተመለሰ፤ ወደ ይፍሩ በቅሎዎች ግን አልተመለሰም፤ ይፍሩም አልጠየቀውም።

ስግደቱስ? ይፍሩ ሰሙነ ሕማማትን እንደ ሰው ሰገደ። ጭዱ ሸተተው፤ እየሸተተው ሰገደ። ጉልበቱ ገና ሲለምድለት ፋሲካ ሆነና በበዓለ ሃምሳ ስግደት የለም ተብሎ ተከለከለ። «ዘገየሁ አባቴ» ቢላቸው መምሬ ቢያድግልኝ «አዎ፣ ዘግይተሃል። እስከ ጰራቅሊጦስ ግን የምትሠራው አታጣም፤ ከደጁ የተቀመጡትን አይተሃቸዋል?» አሉት። ከዚያ ጀምሮ ምግብ ይዞ ይሄዳል፤ ከማቀበሉ በፊት እያንዳንዳቸውን ስማቸውን ይጠይቃል። ያልሰማውን ያስደግማል። ትምባሆውንም ተወ፤ ጠባዩ ሁሉ ግን በአንድ ጀምበር የተለወጠ እንዳይመስላችሁ። ነጋዴ ነው፤ ሚዛኑን አንዳንድ ጊዜ በጣቱ ሊጫን ሲል እጁን ሲሰበስብ ያዩታል። እንዲያ እየሰበሰበ ነው ያረጀው።

እንግዲህ ምሳሌው ይኸው ነው። ሰው ስለሰው መጸለዩ፣ ስለሰው መስገዱ መልካም ነው፤ ከኛ ጋር ሲሆን። በኛ ፈንታ ሲሆን ግን እኛ ቀስ እያልን ከራሳችን እንጠፋለን፤ ክርስቶስ ሊፈልገን ሲመጣ በስማችን የሚያገኘው ሌላ ሰው ነው። ንስሐ መግባት ጉልበት ከማድከም በፊት በበደልነው ሰው ፊት መቆም ነው። ጾሙን ቆጥረን፣ ጃንጥላውን ገዝተን፣ ሻማውን አብርተን፣ ያቺን አንዲት ደጅ ብቻ ዘለን የምናልፍ ስንት ነን? «አባቴ፣ ከሌላው ልጀምር» ማለትማ እናውቅበታለን። ጌታ ደግሞ ትዕግሥተኛ ስለሆነ ዝም ያለ ይመስለናል።

ደስ ካላችሁ ይህን ለወዳጅ አካፍሉት። ከማካፈላችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ለብቻችሁ መልሱ፤ ደጇን ዘላችሁ የምታልፏት የናንተ አስረበብ ማን ናት?